በመጽሐፍ ውስጥ ራሱን ያገኘ ልጅ፦ የወጣት ጀግና የትውልድ ምሥጢር ከመጽሐፈ ሄኖክ እስከ ደብረ ታቦር

በአሁኑ ዘመን ወጣቶች በሥዕል መጻሕፍት፣ በፊልምና በቴሌቪዥን ከሚከታተሏቸው ታሪኮች መካከል ከሰው አቅም በላይ የሆነ ኃይል ስላለው ጀግና የሚተርኩት ሰፊውን ድርሻ የያዙ ሲሆን፣ ይህ ዐይነቱ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ «ልዕለ ኃያል» እየተባለ መጠራት ጀምሯል። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በተራ ቤተሰብ መካከል ያደገ ልጅ ከዐሥራዎቹ ዕድሜ ሲደርስ ጉልበቱም ባሕርዩም ከእኩዮቹ የተለየ መሆኑን ያስተውልና፣ ምክንያቱን ሲፈልግ ከሌላ ዓለም የመጣ መሆኑን ይደርስበታል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ አንድን ወጣት ጀግና የሚያደርገው ከየት እንደ መጣ ማወቁ ነው ወይስ ጀግንነቱ ቀድሞ ትውልዱ ኋላ ይፈለግለታል? ትውልዱንስ ከማን አፍ ቢሰማው ነው የሚታመነው? ጥያቄው ከባሕር ማዶ የመጣ ቢመስልም በግእዝና በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች የሰው ሕይወት የተከፈለበት እውነተኛ የታሪክ ጉዳይ ነው።

የዘመናዊው ልዕለ ኃያል ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች በአሜሪካ የፈጠሩትና እ.ኤ.አ. በ1938 ታትሞ የወጣው ሱፐርማን ነው። ክሪፕተን የተባለች ፕላኔት ልትጠፋ ስትል በመንኮራኩር ተጭኖ ወደ ምድር የተላከ ሕፃን ኬንት በተባሉ ባልና ሚስት እጅ ያድጋል፤ ስሙም ክላርክ ይባላል። ለዚህ ዳሰሳ ግን ከሱፐርማን ይልቅ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1985 በደራሲው ኤሊየት ማጊንና በሠዓሊው ከርት ስዋን የተፈጠረው ሱፐርቦይ-ፕራይም የተባለው ወጣት ነው። አሳታሚው ዲሲ ኮሚክስ ታሪኮቹን ያደራጀው «ትይዩ ዓለማት» በሚባል አሳብ ሲሆን፣ ይህም አንዱ ምድር ከሌላው ጎን ለጎን፣ ግን አንዱ ሌላውን ሳያይ ይኖራል የሚል ነው። ከእነዚህ ምድሮች አንዷ ልዕለ ኃያላን በሕይወት የሌሉባትና ሱፐርማን በሥዕል መጽሐፍ ብቻ የሚታወቅባት ናት፤ እዚያ ያደገው ክላርክ ኬንት ስሙ ከልብ ወለዱ ጀግና ስም ጋር አንድ በመሆኑ ብቻ ይታወቅ የነበረ ልጅ ነው። ወጣቱ የሃሌ ጅራታም ኮከብ ባለፈበት ሌሊት ኃይሉ ሲገለጥለት፣ በመጽሐፍ ሲያነበው የኖረው የሌላ ሰው ታሪክ የራሱ ትውልድ ሆኖ ያገኘዋል። የትውልዱን ምሥጢር የነገሩት እናት፣ ሽማግሌ ወይም ነቢይ አልነበሩም፤ የነገረው መጽሐፉ ነው። ይህ ነጥብ ከታች ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ተባለው ወደ ቋራው ካሣ ኃይሉ ሲደረስ ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ ልብ ይበለው።

የጀግና ልደት ታሪኮች በየሕዝቡ መካከል መመሳሰላቸውን የአውሮፓ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ አጥንተውታል። ኦቶ ራንክ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ሥራ በወንዝ የተጣሉ፣ በእንግዳ እጅ ያደጉና ኋላ ከፍ ያሉ ልጆችን ታሪክ ከሥነ ልቡና አንጻር ሲተረጉመው፣ ሎርድ ራግላን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 የጀግናን የሕይወት መንገድ በ22 ነጥቦች ዘርዝሮ ሙሴንም ሌሎችንም በዚያ መዝኗል። እነዚህ ሥራዎች መመሳሰሉን በማሳየት ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ታሪኮቹን ሁሉ ወደ አንድ ቅርጽ ሲሰበስቡ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ ለጥያቄው የሰጠው መልስ የተለያየ መሆኑን ይጋርዱታል። የኢትዮጵያ ጽሑፎች ለዚህ ልዩነት ጥሩ ማስረጃ ናቸው።

ከሁሉ ቀድሞ መጠቀስ ያለበት መጽሐፈ ሄኖክ ነው። መጽሐፉ በሙሉ ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች፤ አውሮፓ ያወቀው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ከወሰደ በኋላ ነው። ትጉሃን የተባሉ መላእክት ከሰማይ ወርደው ከሰው ልጆች ሴቶች ጋር በመኖራቸው ረዓይት የተባሉ ግዙፋን እንደ ተወለዱ መጽሐፉ ይተርካል፤ ከሌላ ዓለም የተወለደ ኃያል የሚለው አሳብ እንግዲህ ለግእዝ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ሆኖም እዚህ ላይ የቀረበው የጥፋት ምንጭ ሆኖ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ለዚህ ዳሰሳ እጅግ የቀረበ ታሪክ ይገኛል። ላሜህ ልጅ በተወለደለት ጊዜ የሕፃኑ ገላ እንደ በረዶ የነጣና እንደ ጽጌረዳ የቀላ፣ ዐይኑን ሲገልጥ ቤቱን በብርሃን የሚሞላ፣ ከአዋላጂቱ እጅ ተነሥቶ ፈጣሪውን የሚያነጋግር ሆኖ ስላየው ይፈራል፤ ልጁ ከመላእክት እንጂ ከእሱ የተወለደ አልመሰለውም። ፍርሃቱን ለአባቱ ለማቱሳላ ይነግረዋል፤ ማቱሳላም እስከ ምድር ዳርቻ ተጉዞ ሄኖክን ይጠይቀዋል። መልሱ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፦ ሕፃኑ በእውነት የላሜህ ልጅ ነው፤ ስሙም ኖኅ ይባላል፤ ከጥፋት ውኃም እሱና ልጆቹ ይተርፋሉ።

ይህ ታሪክ ሊሰጠው የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም። በዘመናዊው ልዕለ ኃያል ታሪክ ውስጥ የልጁ እንግድነት ሲረጋገጥ ኃይሉም ክብሩም ይጸናል፤ በመጽሐፈ ሄኖክ ግን ከሌላ ዓለም መጥቷል የሚለው ጥርጣሬ ከሥሩ ይነቀላል። ብርሃኑ አልተካደም፤ ልጁም ከሌሎች ሕፃናት ጋር አልተመሳሰለም። የተካደው ብርሃኑ የግድ ከሰው ውጭ መምጣት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ነው። ኖኅ ዓለምን የሚያሻግረው የላሜህ ልጅ ሆኖ ሳለ ነው፤ ይህም ከዚህ ዳሰሳ ምሳሌዎች ሁሉ ጠልቆ የሚሄድ መልስ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ምስክር ክብረ ነገሥት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደ መለሰው በመጽሐፉ መደምደሚያ የተገለጸው ይህ ሥራ፣ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን የተወለደውን ልጅ በይነ ለሕክም ብሎ ይጠራዋል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ቀዳማዊ ምኒልክ በሚለው ስም ነው። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው በዙሪያው ያሉትን ስለ አባቱ ይጠይቅና ንጉሥ ሰሎሞን መሆኑን ይሰማል፤ ወደ እናቱ ሄዶ ደግሞ ሲጠይቃት ልታስፈራራው በቁጣ ትመልስለታለች፤ እሱ ግን አይተዋትም፤ በመጨረሻ እውነቱን ትነግረዋለች። በ22 ዓመቱ በጦርና በፈረስ ጥበብ ከሠለጠነ በኋላ ከነጋዴው ታምሪን ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ይወርዳል፤ ሰሎሞን ለእናቱ የሰጣት ቀለበትም የልጅነቱ ምልክት ይሆናል። መጽሐፉ ምስክር በማብዛት ይጠነቀቃል፤ የጋዛ ሰዎች ልጁን ሲያዩ ከሰሎሞን ጋር በመመሳሰሉ ይደነቃሉ፣ እናቱ ትመሰክራለች፣ ቀለበቱ ይመሰክራል፣ በመጨረሻም አባቱ ራሱ ይቀበለዋል። ትውልድ እዚህ የሚታመነው በአንድ ድምፅ ሳይሆን ብዙ ምስክር ሲገጥም ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ልጁ ከየት እንደ መጣ ካወቀ በኋላ የሚያደርገው ነው። ሰሎሞን በኢየሩሳሌም ሊያስቀረው ቢሻም ምኒልክ ወደ እናቱ አገር ይመለሳል፤ የእስራኤል መኳንንት በኵር ልጆችም አብረውት ይሄዳሉ፤ ታቦተ ጽዮንም ከእነሱ ጋር ትመጣለች። ሱፐርማን የትውልድ ፕላኔቱ ስለ ጠፋች መመለስ አይችልም፤ ምኒልክ ግን አባቱን አግኝቶም ያደገበትን ይመርጣል። ይህ ታሪክ ለደቡብ ጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም፤ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የጣና ቂርቆስ ገዳም ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሻገሯ በፊት በዚያ ለ800 ዓመት እንደ ተቀመጠች ይናገራል፤ ስለዚህ በፎገራና በደራ በኩል ላለው ሕዝብ የምኒልክ ጉዞ በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ሳይሆን በዐይን በሚታይ ደሴት የሚታሰብ ነው።

ስለ ሌላ ዓለም የሚያወሱ ሌሎች የግእዝ ሥራዎችም አሉ። የዞሲማስ ታሪክ ከሰው ዐይን የተሰወረችውን ብሔረ ብፁዓንን ሲያስጎበኝ፣ ገድለ ላሊበላ ደግሞ ቅዱሱ መርዝ በጠጡበት ጊዜ ወደ ሰማይ ተነጥቀው በኋላ በምድር የሚያንጿቸውን አብያተ ክርስቲያናት እንዳዩ ይናገራል፤ ሲወለዱ ንቦች እንደ ከበቧቸውና እናታቸው ይህን የንግሥና ምልክት አድርጋ እንደ ተረጐመችው መተረኩም ይታወቃል። በእነዚህ ውስጥ ሌላው ዓለም ለጉብኝት ወይም ለመልእክት የሚኬድበት ነው እንጂ የጀግናው የትውልድ አገር አይደለም፤ ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ ያላቸው ድርሻ ውሱን ነው።

የጥያቄው ሙሉ ክብደት የሚታየው ወደ ደብረ ታቦር ሲመጣ ነው። ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ፣ ከጉና ተራራ አንጻር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በዘመነ መሳፍንት የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። ዘመነ መሳፍንት ማለት ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 1847 ዓ.ም. የዘለቀው፣ ነገሥታቱ በስም ብቻ ተቀምጠው ሥልጣኑ በየአካባቢው መሳፍንት እጅ የነበረበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት መዲናዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። በጎንደር የሰሎሞን ዘር ያላቸው ነገሥታት ያለ ጦርና ያለ ግብር ይቀመጣሉ፤ በደብረ ታቦር ደግሞ እንደራሴ የሚባሉት የየጁ ራሶች፣ ከራስ ጉግሣ እስከ ዳግማዊ ራስ ዐሊ ድረስ፣ ጦሩንም ግብሩንም ይዘው ሳለ የሰሎሞን ዘር ስለሌላቸው ንጉሠ ነገሥት ሊባሉ አይደፍሩም ነበር። የየጁ ቤት ሥሩ ከኦሮሞና ከእስልምና በመሆኑ ተቀናቃኞቹ ዘሩን እየጠቀሱ ይነቅፉት ነበር። ዘር ያለው ኃይል የለውም፣ ኃይል ያለው ዘር የለውም፤ የአንድ አገር መንግሥት ከሁለት ትውልድ በላይ በዚህ ተከፍሎ መኖሩ የትውልድ ጥያቄ ምን ያህል ጥብቅ እንደ ነበር ያሳያል።

ይህን ክፍፍል ያፈረሰው በ1810ዎቹ ዓ.ም. በቋራ በኩል የተወለደው ካሣ ኃይሉ ነው። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከአካባቢው መኳንንት ወገን ሲሆኑ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን እንዳሳደጉ በሰፊው ይነገራል። ካሣ በልጅነቱ ፊደል የቆጠረበት የጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም በጦርነት ሲወረር ከጥቂቶች ጋር አምልጦ፣ አድጎ በቋራ ቆላ ሸፈተ፤ ተከታዮቹን እየመገበና እያደራጀ ስሙ እየገነነ ሄደ። ስለ ዘሩ የሚነገረው ስድብ ያን ጊዜም አልተለየውም። የራስ ዐሊ እናት የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው እንደ ዘመቱና ካሣ ድል አድርጎ ሲይዛቸው ኮሶ እንዳጠጣቸው የታሪክ ጸሐፊዎች አቆይተውታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሣ የተሰደበበትን ትውልድ ለመካድ አልሞከረም፤ ስድቡን ራሱን ለሰዳቢው አጠጣው። ዘሩን ሳይጠቅስ በሥራው የመለሰበት ይህ ወቅት ከሕይወቱ ክፍሎች ሁሉ ለደራሲ የተመቸ ነው።

ካሣ በ1845 ዓ.ም. ሰኔ በአይሻል ራስ ዐሊን፣ በ1847 ዓ.ም. የካቲት 3 ቀን በደረስጌ የሰሜን ገዥውን ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ። የዚህ ዳሰሳ ዋና ነጥብ ያረፈው ሲነግሥ በመረጠው ስም ላይ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ከብዙ ግፍና ረሃብ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ እንደሚያመጣ ይናገራል፤ ትንቢቱ በሕዝቡ ዘንድ ሕያው እንደ ነበር ከካሣ ልደት በፊት ጎንደርን የጎበኘው ጄምስ ብሩስም ጽፏል። መጽሐፉ ስለ ማን እንደሚናገር ያልታወቀ ነበር፤ ስሙ ብቻ ተጽፎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ካሣ ያን ስም ወስዶ የራሱ አደረገው፤ ትንቢቱ ከምሥራቅ ይነሣል ቢልም፣ እሱ ከምዕራብ ቆላ መምጣቱ እንኳ አላገደውም። ከትይዩው ዓለም የመጣው የሱፐርቦይ-ፕራይም ታሪክና የእውነተኛው ካሣ ሕይወት የሚገናኙት በዚህ ነው፤ ሁለቱም ራሳቸውን ያገኙት አስቀድሞ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ዘር ደግሞ ኋላ መጣ። ከንግሥና በኋላ ትውልዳቸውን ከሰሎሞን የሚያደርስ የዘር ሐረግ ቀረበላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤም እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ በአባቶቻቸው በነገሥታቱ መንግሥት እንዳስቀመጣቸው ገልጸዋል። ደብዳቤው ሁለት ትውልዶችን በአንድ አረፍተ ነገር መሸከሙ ሊታለፍ አይገባም፤ ንጉሡ ከትቢያ የተነሡ ናቸው፣ ደግሞም የነገሥታት ልጅ ናቸው። በአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ቀደምት ስፍራ ያለው የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕልና ከእሱ በኋላ የመጣው የአለቃ ወልደ ማርያም ሥራ አንድ ላይ ሲነበቡ፣ የንጉሡ ተግባር እየተመዘገበ ስለ ትውልዳቸው የሚነገረው አብሮ እየተቀረጸ እንደ ሄደ ይታያል። ሕይወታቸውን በሰነድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 የጻፈው ስቬን ሩበንሰንም ንጉሡን ከትውፊት ይልቅ በተግባራቸውና በደብዳቤዎቻቸው ለመረዳት የሞከረ ነው። ስለዚህ በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ የደብረ ታቦር ታሪክ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ በካሣ ዘንድ ሥራ ቀደመ፣ ስሙ ከመጽሐፍ መጣ፣ ዘሩ ከዙፋን በኋላ ተጻፈ።

ነገር ግን ራስን በመጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ዋጋ ያስከፍላል። ሱፐርቦይ-ፕራይም እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በወጣው ተከታታይ ሥራ ዓለም በልጅነቱ እንዳነበባት ሳትሆን በመቅረቷ ተቆጥቶ ሊያድናት የተጠራላትን ዓለም ማጥፋት ይጀምራል፤ ደራሲዎቹ ይህን ለልብ ወለድ ብለው ቢፈጥሩትም ደብረ ታቦር በምትገኝበት በቤጌምድር ከዚያ 140 ዓመት ያህል ቀድሞ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫ አድርገው፣ በአጠገቧ በምትገኘው በጋፋት በሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እያስቀለጡ ትልቅ ሥራ ጀመሩ፤ በመካከሉ ግን የሚታዘዝላቸው አገር እየጠበበ፣ ዐመፅ እየሰፋ፣ ትንቢቱ ያለው ሰላምና ጥጋብ እየራቀ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘበዙ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ፤ የቤጌምድር ገበሬ እህሉንና ከብቱን በዘመቻ አጣ፤ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ራሷን ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ስድስት ወር ያህል በሚፈጅ ጉዞ ወደ መቅደላ ሄዱ። የጋይንትና የደላንታ ገደሎችን የሚያውቅ ሰው ያን መንገድ የቆረጡትን ሰዎች ድካም ይገምታል። የመጽሐፉ ቴዎድሮስ ሕዝቡን ያሳርፋል፤ ሰውየው ቴዎድሮስ ግን ሕዝቡ መጽሐፉን አልሆነም ብለው ሕዝቡን ቀጡ። እንዲህ ማለት ታላቅነታቸውን አይሰርዝም፤ አገሪቱን በአንድ መንግሥት ሥር የማሰባሰብ፣ መሣሪያን በአገር ውስጥ የመሥራት አሳባቸው ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ሆኖም የደቡብ ጎንደር ሕዝብ የከፈለውን ሳይጠቅሱ ጀግንነቱን ብቻ መተረክ የዚህን ደጋ ታሪክ ግማሽ መቁረጥ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ልጃቸው ዓለማየሁ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ፤ ይህም ማለት የልጁ አያት አባቱ በደረስጌ ድል ያደረጋቸው ሰው ናቸው። እቴጌይቱ በጉዞ ላይ ሳሉ ዐረፉ። ልጁ አማርኛ በሚናገረው በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ንግሥት ቪክቶሪያን አገኘ፤ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ፎቶውን አንሥታዋለች። በራግቢ ትምህርት ቤትና በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ሞተ፤ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ።

ዓለማየሁ የዚህን ዳሰሳ ጥያቄ ይገለብጠዋል። ልዕለ ኃያሉ ወጣት ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ያድጋል፤ ዓለማየሁ ግን ከየት እንደ መጣ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ በዙሪያውም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ መታወቁ ግን ወደዚያ አልመለሰውም። ሌላው ዓለም ለእሱ የክሪፕተን ዐይነት የጠፋ ስፍራ ሳይሆን በመርከብ የሚደረስበት አገር ሆኖ ሳለ፣ ፈቃዱ በሌሎች እጅ ስለ ነበር የተዘጋበት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት አስከሬኑ እንዲመለስ ጠይቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎች ሙታንን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለውም። የአባቱ ጸጉር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የልጁ ጸጉር ደግሞ በ2023 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ይህ ጉዳይ የሕግም የሥነ ምግባርም ነው፤ የዚህ ዳሰሳ አቋምም ልጁ ወደ አገሩ መመለስ አለበት የሚል ነው፤ ምክንያቱም በሕይወት ሳለ ሊወስን ያልተፈቀደለትን ጉዞ ከሞተ በኋላም ሌላው እየወሰነለት ይገኛል።

የዘመናችን የኢትዮጵያ ጥበብ ከእነዚህ ምንጮች ምን ያህል ወስዷል ቢባል፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሁሉ በላይ ተጽፎባቸዋል ማለት ይቻላል፤ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» እና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት በሰፊው የሚታወቁ ናቸው። ከሌላ ዓለም የመጣ ጀግና የሚለውን አሳብ ግን ቀጥታ ያነሡት የፊልም ሠሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበው «ቤቲ እና አማረ» በፋሺስት ወረራ ዘመን የምትሸሽን ልጃገረድ ከሰማይ ከመጣ ፍጡር ጋር ሲያገናኝ፣ በ2015 የወጣውና ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአማርኛ ያዘጋጀው «ክራምብስ» ደግሞ ከዓለም ጥፋት በኋላ በኢትዮጵያ ምድር የሚኖርና ራሱን ከሌላ ፕላኔት የመጣ አድርጎ የሚያምን ሰው ያቀርባል። ዳንኤል ታደሰ የተጫወተው ይህ ሰው በሰማይ ተንጠልጥላ የምትኖረው መንኮራኩር ስትንቀሳቀስ ወደ ቤቱ የመመለስ ተስፋ ይዞ ይጓዛል፤ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ግን ያለመውን አይደለም። በዚህም ፊልሙ፣ ሠሪዎቹ አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፣ ለላሜህ ከተሰጠው መልስ ጋር ይቀራረባል።

በሥዕል መጽሐፍ በኩል ደግሞ ገና ለጋ የሆነ ዘርፍ ተጀምሯል። ብስራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል ታሪክ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሳትሞ፣ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ምሩቅ ልዕለ ኃያል ሲሆን አሳይቷል፤ ከዚያ ቀጥሎ የወጣው «ሀዊ» ደግሞ በውጭ አገር ያደገች ወጣት ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ የሚገጥማትን ይተርካል። «ሀዊ» ለዚህ ዳሰሳ ልዩ ዋጋ አላት፤ ዓለማየሁ ያልተፈቀደለትን ጉዞ የምታደርግ ልጅ ናት፤ ይህም በውጭ አገር ለሚያድጉ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች የራሳቸው ጥያቄ ነው።

ደብረ ታቦር ገና በዚህ ዘርፍ አልተሣለችም፤ ጋፋትም፣ ጉናም፣ ወደ መቅደላ የሚወስደው ገደላ ገደልም እንዲሁ። የዓለማየሁን ታሪክ በአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ ሊሠራ የሚነሣ ደራሲ ከሁሉ በፊት የሚወስነው ታሪኩን ከየት እንደሚጀምር ነው። ከመቅደላ ከጀመረ ልጁ የጀግና አባት ወራሽና የባዕድ ምርኮኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ አጀማመር በስፋት የተለመደ ከመሆኑም በላይ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ታሪኮች የሚለይበት ነገር የለውም። ከደብረ ታቦር ቃጠሎ ከጀመረ ግን ልጁ የአባቱን ሁለት ገጽ አብሮ ይወርሳል፤ ከትቢያ የተነሣውን የቋራ ሽፍታም፣ መጽሐፉን ያልመሰለውን አገር የቀጣውን ንጉሥም። አያቱ ደጃዝማች ውቤም በዚያ ታሪክ ውስጥ ድምፅ ያገኛሉ፤ ከብቱን ያጣው የጋይንት ገበሬም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ታሪክ ለመሥራት ይከብዳል፤ ለወጣት አንባቢ አባቱን ሳይጠላም ሳያመልክም የሚያውቅ ልጅ ማሳየት አለበትና፤ ዘነብና ወልደ ማርያም ያቆዩት ዜና መዋዕል ግን ለዚህ የሚበቃ ፍሬ ነገር በአማርኛ አዘጋጅቶ ያስቀመጠ በመሆኑ፣ ይህ ዳሰሳ ሁለተኛውን አጀማመር ይመርጣል።